አበልጅ ላለመሆን

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ኮረኮንች ሰፈር፣ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አንዲት ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ታደርጋለች። የመጀመሪያው «ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው «የሮዳስ አባት፣ ዛሬም?» ማለት ነው።

የሮዳስ አባት ጌዲዮን ይባላል። ሰበታ ባለ የቀለም ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው አዲስ የተቀመመውን ቀለም በትንሽ ሰሌዳ ላይ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከናሙናው ጎን ማስቀመጥና «ይለያል» ወይም «አይለይም» ብሎ መፈረም ነው። «ይቀራረባል» የሚባለውን ቃል አይወደውም። ሌላው ሰው ነጭ ብሎ የሚያልፈውን እሱ አምስት ቦታ ይከፍለዋል። ሚስቱ ያረፈችው ሮዳስ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ዓመታት ገንፎ ማገንፋት ተምሯል፣ ትኩሳት መለካት ተምሯል፣ ቀሚስ መተኮስ ተምሯል። ጸጉር መጎንጎን ግን እምቢ ብሎታል። ዓይኑ ስህተቱን ያያል፤ እጁ ግን ማረም አይችልም።

ሚኒባሷን የምትነዳው ሰብለወርቅ ናት። የሰፈሩን አሥራ አራት ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች፤ በመሀል ያለውን ጊዜ ከቡራዩ አስኮ ተሳፋሪ ታመላልሳለች። ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነበር፦ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋና ልጇን ኪሩን። የኪሩ አባት ኪሩ ከመወለዱ በፊት ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል፤ እሷም አልፈለገችውም። ኪሩ አሁን አምስት ዓመቱ ነው። በቀበቶ ታስሮ ከፊት ይቀመጥና «ከኋላ ባጃጅ አለ!» እያለ ይጮኻል። መኪናዋን ግማሽ እሱ የሚነዳት ይመስለዋል።

ጌዲዮን ሰዓት ይዞ ያውቀዋል፤ ከመጀመሪያው ክላክስ አንስቶ በሩ እስኪዘጋ አርባ ሴኮንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዋወቁት በዚህች አርባ ሴኮንድ ነው።

«ጋሼ ጌዲ፣ ዛሬ ደግሞ የግራው ጉንጉን ከቀኙ ይወፍራል!» ትላለች ከኋላ ወንበር ራቢአ የምትባለው አራተኛ ክፍል ተማሪ። የማንንም ጉድ አታሳልፍም።

«ተይው ራቢአ፣ አባቷ ሁለት ናሙና ነው የላከልን» ትላለች ሰብለወርቅ። «ነይ ሮዲ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ አስተካክልልሻለሁ። የሮዳስ አባት፣ ምሳ ዕቃዋስ?»

«ቦርሳው ውስጥ ነው። ያንቺ ሳልስ?»

«ተሽሎኛል። ዝንጅብሉ ሠራ።»

በሩ ይዘጋል። አቧራው ይነሳል። ጌዲዮን አቧራው እስኪረጋ ይቆማል። የግቢው ባለቤትና አከራዩ ኦቦ ጎበና በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ።

ነገሩ የከፋው ባለፈው ክረምት ነው። ሰብለወርቅ የመኪናዋን በር ከግንብ ጋር አፋትጋው ቀለሙ ተላጠ። ጌዲዮን የምስር ፍሬ የምታክል ቅራፊ በወረቀት ጠቅልሎ ሰበታ ወሰደና በመጀመሪያው ቀን ልኩን ቀመመው። ግን ሦስት ቅዳሜ ተመላለሰ። አንዱን ቅዳሜ «ትንሽ ቢጫ ጎድሎታል» አለ። ሌላውን «ነጭ በዝቶበታል» አለ። ሦስቱንም ቅዳሜ በሯን እየፈተገና እየቀባ፣ እሷ ደግሞ አጠገቡ ድስት ላይ ሽሮ እያማሰለች፣ ልጆቹ ጎማ እያንከባለሉ ዋሉ። በሥራ ዘመኑ ሆን ብሎ የተሳሳተው ያኔ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ማምሻ፣ ብሩሹን በነጭ ጋዝ እያጠበ ሳለ፣ ይህችን ሴት ማግባት እንደሚፈልግ እርግጠኛ ሆነ።

እርግጠኛ ከሆነ በኋላም ሁለት ወር አጣራ። ምን እንደሚላት አሰበ፤ ያሰበውን አረመ፤ ያረመውን እንደገና አረመ። በመጨረሻ የጥቅምት ወር ሳያልቅ ሊነግራት ቆረጠ።

በወሩ ማብቂያ አካባቢ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰብለወርቅ ሞተር አጠፋች። ይህን አድርጋ አታውቅም። ከሾፌር ወንበር ወርዳ እፊቱ ቆመች።

«የሮዳስ አባት፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው።»

«በደህና?»

«በደህና። ኪሩ እኮ ክርስትና አልተነሳም። ጅዳ የት ይነሳል? ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ቤት ፍለጋ፣ መንጃ ፈቃድ፣ መኪናው… ዘንድሮ ዘንድሮ ስል ልጁ አምስት ዓመት ሆነው። እማዬ ሱሉልታ ሆና ስታለቅስ ነው የምትውለው። አሁን ለፊታችን እሑድ ተነጋግሬያለሁ። እና…» ቁልፉን በጣቷ አሽከረከረችው። «የክርስትና አባቱ ብትሆንለት።»

«እሺ» አለ ጌዲዮን።

ቃሉን ለማውጣት ሁለት ሴኮንድ አልፈጀበትም። ልጄን ክርስትና አንሳልኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ እናቱ ያሳደጉት እንዲህ ነው። አፉ በእናቱ አስተዳደግ መለሰ። አእምሮው ኋላ ደረሰ። ሲደርስ ያገኘው ይህን ነው፦ የልጁ ክርስትና አባት ለልጁ እናት አበልጅ ነው። አበልጅ ደግሞ የሥጋ ወንድም ማለት ነው። በዓል ሲሆን ይጠራል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት ከል ይለበስለታል። አይጋባም። ካህኑም አያጋባም፣ ሰዉም አይቀበለውም።

«እሺ?» አለች ሰብለወርቅ።

«እሺ» አለ እንደገና፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አልፎ ሄደ፤ ጌዲዮን ሊለየው አልቻለም። ሞተሩን አስነሳች፣ ማርሽ አስገባች፣ መኪናዋ ተንገጫግጣ ሞተሯ እንደገና ጠፋ።

«እትዬ ሰብለ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለች ራቢአ።

ኪሩ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «አባቴ ልትሆን ነው!» እያለ እጁን አወዛወዘ። አሥራ ሦስት ልጆች አጨበጨቡ።

ፋብሪካ እንደገባ ለአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ የታዘዘ ክሬም ቀለም ቀረበለት። አየው። «አይለይም» ብሎ ፈረመ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀለም ማደባለቂያው ሠራተኛ ወንዲ ሰሌዳውን በጣቱ ጫፍ ይዞ መጣ።

«ጌዲ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ክሬም።»

«ክሬም? ይሄ የሚዜ ቀሚስ ነው! ቀይ በስህተት ሁለት ጊዜ ጨምሬበት አንተ ትይዘኛለህ ብዬ ስጠብቅ ፈርመህ ታሳልፋለህ? ታመሃል?»

ጌዲዮን ሰሌዳውን ተቀብሎ መስኮት ዳር ወሰደው። ሮዝ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ሳያውቅ ሲሳሳት የመጀመሪያው ነው። ፊርማውን ሰረዘና ቁጭ ብሎ ነገሩን ሁሉ ለወንዲ ነገረው። ወንዲ እስከ መጨረሻው ሰማና ኮፍያውን አወለቀ።

«እሺ አልካት?»

«አልኳት።»

«ስማ፣ አበልጅ ከሆናችሁ እኮ ከእንግዲህ ሠርጓ ላይ ድንኳን ትተክላለህ እንጂ ሙሽራ አትሆንም።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ ደውልና ሀሳቤን ቀየርኩ በላት።»

«ክርስትና እምቢ ይባላል? ልጁንስ ምን ልበለው?»

«ተው እባክህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ወደድኩሽ ማለት ያልቻለ ሰው እምቢ ማለት ከየት ይመጣለታል።»

ጌዲዮን ሰሌዳውን ገልበጥ አደረገው። «ደግሞ አስበው፣ ወንዲ። ሕጉን እሷም ታውቀዋለች። እያወቀች ከጠየቀችኝ የምታየኝ እንደ ወንድም ነው ማለት ነው።»

ወንዲ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሮዙን በርሜል ሊያስተካክል ሄደ።

ማታ እራት ላይ ሮዳስ ማንኪያዋን አስቀምጣ ጠየቀች።

«አባ፣ ኪሩ ወንድሜ ሊሆን ነው?»

«የክርስትና ወንድምሽ።»

«እትዬ ሰብለስ?»

«እሷ አበልጅ ትሆናለች።»

«አበልጅ ጸጉር ትሠራለች?»

«ትሠራለች መሰለኝ።»

«እሺ እንግዲህ» አለችና እራቷን ቀጠለች። ለእሷ ነገሩ አልቋል። ለአባቷ ግን እሑድ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በነጋታው አርብ፣ ክላክሱ ከመሰማቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ በር ላይ ቆመ። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮ አሳጥሮ ስምንት ቃል አድርጎታል። ስምንት ቃል በአርባ ሴኮንድ ይበቃል። ሚኒባሷ መጣች።

«የኪሩ እናት፣ ስለ እሑዱ ጉዳይ…»

«ውይ፣ ጥሩ አስታወስከኝ። ነጠላ አለህ አይደል?»

«አለኝ። ግን…»

«ጋሼ ጌዲ፣ የሮዳስ ጫማ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል!» አለች ራቢአ።

ጌዲዮን ተንበርክኮ ጫማ አቀያየረ። ቀና ሲል ከኋላ አንድ የአሸዋ መኪና ክላክሱን ለቅቆት ነበር። በሩ ተዘጋ። ከስምንቱ ቃል አምስቱ አልወጡም።

ቀን ላይ ሦስት ጊዜ ደወለ። እሷ እየነዳች ስልክ አታነሳም፤ ይህንንም ስለሚወድላት ሊናደድባት አልቻለም። መልእክት ጻፈ። አጠፋው። ሌላ ጻፈ። «ላንቺ ያለኝ አክብሮት» የሚል ሐረግ ገብቶበት አገኘውና ደንግጦ ያንንም አጠፋው።

ማምሻውን ከሥራ ሲገባ ኦቦ ጎበና ግቢው ውስጥ ኮታቸውን ገመድ ላይ አስጥተው በብሩሽ ይጠርጉ ነበር። ብሩሹን ሳያቆሙ በጎን አዩት።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ» ብሎ ሰላም አላቸው ጌዲዮን።

«ነጋ። አንተ ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

ነገራቸው። ሽማግሌው ብሩሹን ሳያቆሙ አዳመጡ።

«ልጁን ትወደዋለህ?»

«በጣም።»

«እናቱንስ?»

ጌዲዮን ገመዱን እያየ ዝም አለ።

«ዝምታህን እዚህ ለኔ አታምጣው» አሉ ኦቦ ጎበና። «እኔን ልታገባ አይደለም። እሺ ያልክበት አፍ እምቢ ማለትም ይችላል። ንገራት።»

«ባስቀይማትስ፣ ኦቦ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ታስቀይማታለህ። ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። አበልጅነት ግን እስከ መቃብር ነው።» ሳል መጣባቸው። ወይም ሳቅ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ኮታቸው ስላዞሩ አልታየም።

ቅዳሜ የባሰ ሆነ። የክርስትና ልብስ የሚገዛው የክርስትና አባት ስለሆነ ኪሩን ይዞ ቡራዩ ገበያ ወጣ። ልጁ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ሱቁ ውስጥ ባለው መስታወት ፊት ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ።

«ጋሼ ጌዲ፣ የክርስትና አባቴ ከሆንክ ቤታችን ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ታድራለህ?»

«አላድርም።»

«ጠዋት ትምህርት ቤት ትወስደኛለህ?»

«እሱንስ እናትህ ናት የምትወስድህ።»

ኪሩ መስታወቱን ትቶ ዞሮ አየው። «ታዲያ ምኑ ነው አባት?»

ባለሱቋ ሳቋ አምልጧት በጨርቅ ጥቅሉ ጀርባ ተደበቀች። ጌዲዮን ቁልፎቹን እየቆለፈለት ቆየ። ይህ ልጅ በጅዳም ሆነ በቡራዩ አባት የሚለው ሰው ኖሮት አያውቅም። ነገ እምቢ ቢል ኪሩ ምን ብሎ ይረዳዋል? እሺ ቢል ደግሞ ለዕድሜ ልክ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ይዞ የሚጎበኝ ዘመድ ሊሆን ነው፤ አንድ ቀን ሰብለወርቅ ሌላ ሰው ስታገባ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሊያጨበጭብ ነው። ሸሚዙን ገዛ። የመጨረሻውን ቁልፍ በስህተት ከሁለተኛው ቀዳዳ አስገብቶት ነበር፤ ያረመችው ባለሱቋ ናት።

ልጁን ሊመልስ ሲሄድ ሰብለወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ መኪናዋን ታጥብ ነበር። አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል። ማንም አልነበረም። ኪሩ ሸሚዙን ሊያሳይ ወደ ቤት ሮጠ። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

«ሰብለ» አለ። በስሟ ብቻ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስፖንጁን አቆመች። «አቤት?»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ንገረኝ» አለች በጣም ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ የተቀመጠው ስልኳ ጮኸ። እጇ አረፋ ስለነበር በክርኗ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። እናቷ ወይዘሮ ውብአየሁ ነበሩ፣ ከሱሉልታ።

«ሰብልዬ! ያ የክርስትና አባት የምትዪው ሰው ቁመቱ እንዴት ነው? ጋቢ እያስቋጨሁለት ነው። እጥር ያለ ነው ዘንካታ? አየሽ፣ ስለ ልጄ ብሎ ይህን ያህል የሚሆን ሰው፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ነው የምመርቀው! እዚያ አለ? እዚያ ካለ ስጭኝ ልመርቀው!»

ጌዲዮን ቆሞ ተመረቀ። ምርቃቱ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሲያልቅ ሰብለወርቅ ባልዲውን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሱ። ሚኒባሷ ውስጥ ኪሩ፣ ሮዳስ፣ ጌዲዮንና ኮታቸውን የለበሱት ኦቦ ጎበና ነበሩ። ሽማግሌው ማን እንደጠራቸው ጌዲዮን አልጠየቀም፤ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነው። በአስኮና በአዲሱ ገበያ አድርገው ዳገቱን ወጡ። ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ ሲታይ ጌዲዮን ሳያስበው መሬቱ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለበት ቆጠረ። አራት አገኘ። 

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ክርስትና ለመነሳት ስድስት ሕፃናት በእናቶቻቸውና በክርስትና እናቶቻቸው እቅፍ ተራ ይጠብቃሉ። ሰባተኛው ኪሩ ነው፤ በገዛ እግሩ ቆሞ ወረፋ የያዘ እሱ ብቻ ነው። ከፊቱ ያለውን ሕፃን እግር ይዞ «አይዞህ፣ ውኃው አያምም» ይለዋል፣ ራሱ እየተንቀጠቀጠ። አንድ እግሩን በሌላው ላይ አቁሞ በአንድ እጁ የጌዲዮንን ጣት አጥብቆ ጨብጧል።

ወረቀት የያዙ ቄስ መጡ። ከመነጽራቸው በላይ ኪሩን አዩት።

«የዚህ ጎረምሳ ክርስትና አባት ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጌዲዮን። ቀጥሎ «አይደለሁም» አለ።

«አንዱን ምረጥ ልጄ፣ ወረፋ አለ።»

«መሆን አልችልም፣ አባ።»

«ለምን? ክርስቲያን አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ያግድሃል?»

ጌዲዮን ሁለት ወር ሲያርመው የከረመውን ንግግር ፈለገ። አንዱም ቃል አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ነበር።

«እናቱን ማግባት እፈልጋለሁ።»

በሹክሹክታ ያለው መስሎት ነበር። ሲያለቅስ የነበረው ሕፃን ሁሉ እንደተማከረ ዝም አለ። ከወረፋው መሀል አንዲት ሴት እልል ማለት ጀመረች፣ ጎረቤቷ በክርኗ ነካች፣ እልልታው አጋማሽ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ውብአየሁ የያዙትን ጋቢ በደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፉት።

«ለኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» አሉ ቄሱ። «ለሷ ንገራት እንጂ!»

ዞረ። ሰብለወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ሐሙስ ዕለት እሺ ያልኩት ተሳስቼ ነው» አላት። «ኪሩን እወደዋለሁ፤ ትምህርት ቤት አድርሰው ካልሽ አደርሰዋለሁ፣ ሲታመም አስታምመዋለሁ፣ ሁሉንም አደርጋለሁ። አበልጅሽ ግን መሆን አልችልም። የምታዪኝ እንደ ወንድም ከሆነም ንገሪኝ፤ ያኔም አበልጅ አልሆንም። ይቅርታ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።»

ሰብለወርቅ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እየሳቀች ነበር።

«እምቢ ትላለህ ብዬ እኮ ነው የጠየቅሁህ!»

«ምን?»

«ሁለት ዓመት! በሬን ሦስት ቅዳሜ ቀባህልኝ፣ ሳል ሲይዘኝ ዝንጅብል ላክህልኝ፣ አንዲት ቃል ግን የለም! እምቢ ካለኝ ይፈልገኛል፣ እሺ ካለኝ ቁርጤን ዐውቃለሁ አልኩ። አንተ ደግሞ ሳትተነፍስ እሺ! እኔስ መኪና ማስነሳት አቅቶኝ ልጆቹ ሲሥቁብኝ ዋሉ።»

«ሴትዮ» አሉ ቄሱ፣ «በክርስትና ነው ሰው የምትፈትኚው?»

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።» ቄሱ ጢማቸውን ጨበጡ፤ ከስሩ ከንፈራቸው አላስችል ብሎታል። «እሺ፣ ልጁ በርዶታል። ክርስትና አባት አለው ወይስ የለውም?»

«አለው፣ አለው። እኔ አለሁ!» አሉ ኦቦ ጎበና፣ ከኋላ ሰው እየገፉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጨርሰዋል።

ቄሱ ወረቀታቸውን አነበቡ። «ጎበና… አዎን። ይኸው ካንተ ሌላ የተጻፈ የለም። ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

ጌዲዮን ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ።

«እምቢ ስለሚል እርስዎ ይቁሙልኝ ብላኝ ነበር» አሉ። «እሺ ስትላት ጊዜ እኛም ግራ ገባን። አንተን ታስጽፍ ዘንድ ስልኩን ታነሳለች፣ ትመልሳለች። እኔማ እስከ መጨረሻው ዝም ብትል ኖሮ በክርኔ ገፍቼ ልቀድምህ ተዘጋጅቼ ነበር።»

ኪሩ የጌዲዮንን ጣት አልለቀቀም ነበር። ከታች ወደ ላይ እያየ «ልትሄድ ነው?» አለው።

ጌዲዮን ተንበረከከለት። «አልሄድም። ኦቦ ጎበና ክርስትና ያነሱሃል። እኔ ደግሞ እናትህ ከፈቀደች ቤት የሚያድር ዓይነት ልሆን ነው።»

ኪሩ ለጥቂት ጊዜ አሰበበት። ከዚያ ጣቱን ለቀቀና ለኦቦ ጎበና እጁን ሰጠ። ውኃው ሲነካው የጮኸው ጩኸት ስድስቱን ሕፃናት አስናቀ። ወልደ ጊዮርጊስ የሚል ስም ሲወጣለት ግን ጩኸቱን አቁሞ «ኪሩ ነው የምባለው» ብሎ ካህኑን አረማቸው።

ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ፀሐይዋ ውርጩን አቅልጣው ሣሩ ያብረቀርቃል። ወይዘሮ ውብአየሁ ጋቢውን ኦቦ ጎበና ትከሻ ላይ ለክተው መሬት ለመሬት ሲጎተት አዩና ሁለቱን ወንዶች በየተራ ገረመሟቸው። ሮዳስና ኪሩ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሚሆን ክርክር ገጥመዋል፤ ኪሩ ዛሬ ክርስትና ስለተነሳ ታላቁ እኔ ነኝ ይላል።

ጌዲዮን ሰብለወርቅ አጠገብ ቆመ። ሁለቱም መሬት ያያሉ።

«አንቺ ግን አልመለስሽልኝም» አለ።

«እሺ እንድልህ ነው? የአንተን እሺ ካየሁ ወዲህ ቃሉን ፈርቼዋለሁ።»

«ሌላ ቃል ይሁን።»

ቀና ብላ አየችው። ይህን ፊት ጌዲዮን በሚገባ ለየው። ቄሱ በዚያ በኩል ሲያልፉ እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራቻቸው።

«አባ! ለጋብቻ ስንት ቀን ቀድሞ ነው የሚነገረው?»

ቄሱ ቆም አሉ። «ገና አሁን ከተጣላችሁበት ሳትወጡ?»

«ታርቀናል።»

«የነቢያት ጾም ሳይገባ ከሆነ ሦስት ሳምንት ነው ያላችሁ። ካልደረሰላችሁ ለጥር አስቡ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መቸኮል…»

ጌዲዮን የግራ እጁን ጣቶች ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። የልጆቹ ፈተና አለ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለ፣ የቤት ኪራይ ውል አለ፣ ለሮዳስ አልጋ መግዛት አለ። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ሰብለወርቅ እጁን አፈፍ አድርጋ ጣቶቹን በሙሉ እጇ ውስጥ ጨበጠቻቸው።

«ሦስት ሳምንት ይበቃናል፣ አባ» አለች።